አራተኛው እጅ

በሙሮስ ወደብ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ቤተኛ ነው፤ ይገባል፤ «ቤቶች!» እንኳ አይልም።

እናቴን ከቀበርሁ በአሥራ አንደኛው ማታ፣
የዓሣው ጨረታ ሲያበቃ በዝምታ፣
ካፖርቴ ውኃ ጠጥቶ፣ ቅርፊት እጄ ላይ ቀርቶ፣
ቁልፌን ጨብጬ ቆምሁ፤ እግሬ እምቢ አለ ከቶ።
ቤቴ ምን አለና? ሰዓትና ወንበር፤
መነጽሯ ታጥፎ፣ እዚያው እንደነበር።
«መሸብኝ» ይላል ሰው አገሩ ሲርቅበት፤
እኔስ የመሸብኝ ደጄ ላይ፣ ከራሴ ቤት።

እግሬ ግን ሲመሽበት መሸታ ያውቃል ለካ።

ከመረብ ሠሪው ሱቅ ጎን፣ ታጥፎ በጠባቡ፣
ምልክት የሌለው በር፤ ቀለሙን የጠጣው ዝናቡ።
ውስጡ አምስት ጠረጴዛ፤ ዘፈን የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፤
ከባንኮኒው ኋላ አንድ ጥቁር በርሜል አለ፤
ከበርሜሉ አጠገብ ኦብዱሊያ፣ ቃሏ ቁጥብ፤
«ፎጣው ያው» ነው ያለችኝ፣ «ካፖርትሽ እዚያ ይንጠብጠብ።»

ሦስት ሽማግሌዎች ዶሚኖ ዘርግተው፣
ሳይጫወቱ ቁጭ ብለዋል፣ ጠጠሩን ገልብጠው።
ዴልሚሮ፣ የጀልባ ሞተር ጆሮውን የሰረቀው፤
ፉኮ፣ በአንድ ጥርሱ ሰው ሁሉን የሚያስቀው፤
ቤኒግኖ፣ ባለ ፋርማሲው፣ ሌላውን ሲያስተኛ ኖሮ፣
ለራሱ ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ከሚስቱ ሞት ጀምሮ።
አራተኛው ወንበር ላይ ባርኔጣ ተቀምጧል።
ኤላዲዮ ይባል ነበር። በነሐሴ አርፏል።

«ትችያለሽ?» አለኝ ፉኮ። «አልችልም» ብዬ ቀረሁ።
«እሱም አይችልም ነበር፤ አርባ ዓመት አብሬው ተሸነፍሁ።»

ባርኔጣውን ዴልሚሮ አነሣው ቀስ ብሎ፣
ከመስኮቱ ሚስማር ላይ አዋለው ሰቅሎ፤
ወንበሩን በእግሩ ገፋልኝ። እኔም ተቀመጥሁ።
በነጭ ጽዋ ቀይ ወይን መጣልኝ፤ ጠጣሁ።
ጠጠሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ዓሣ ዓይን ነጥቡ፤
ድርብ ስድስት ደረሰኝ፤ ጠፋኝ አገባቡ።
ተሳሳትሁ። ፉኮ ሳቀ።
ስለ እናቴ ማንም አልጠየቀ።
ግን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከተማዋ ጠባብ ናት፤
ኀዘን እንደ ዓሣ ሽታ ነው፣ በሳሙና አይለቅም ለቀናት።

የቤቴ ዝምታ ሰው ጠልቶ አጥንት ይበሳል፤
የዚህኛው ዝምታ ግን፣ አጠገቤ ሆኖ፣ ይተነፍሳል፤
ያስላል፤ ክብሪት ይጭራል፤ ጠጠር ያማስላል።

አንድ ጊዜ ዴልሚሮ፣ ጆሮ የሌለው ሰው፣
መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዳበሰው።
«የማርኮስ ልጅ ገባ» አለ፤ በእጁ ነው የሰማ፤
በመስኮት አየን፤ እውነትም ቀይ መብራት፣ ከዚያ ጨለማ።

ከባንኮኒው በላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤
የኤላዲዮ አራት ጽዋ፣ ማንም ያልከፈለ።
ፉኮ «ልክፈልለት» ብሎ ገንዘብ አውጥቶ ነበር፤
ኦብዱሊያ ተቆጣች፤ «ተወው፤ እዚያው ይኑር።
ከፍሎ የጨረሰ ነው የሚጠፋ ደጄን ረስቶ፤
ባለዕዳ ግን ይመጣል፣ ከአፈርም ቢሆን ተነሥቶ።»

ሌሊቱ ሲጋመስ ተነሣሁ። ዝናቡ አላባራም።
ቤቴም ያው ቤቴ ነው፤ በአንድ ማታ አይሞቅም፣ አይበራም።
ሒሳቤን ቆጠርሁ፤ የጠጣሁት ሦስት ነው፤
የሁለቱን አስቀመጥሁ፤
አንዱን፣ እጄ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ሆን ብዬ ተውሁ።
ኦብዱሊያ ሳንቲሙን አየች፤ እኔን አየች፤ ዝም አለች፤
ጠመኔዋን አነሣች፤
ከኤላዲዮ ስም ሥር
«ዶሲንዳ፣ አንድ» ብላ ጻፈች።