የአምስት ሰው ካፖርት

ገዳይ ለመቅጠር ገንዘብ አልነበረንም፤
አንድ ካፖርት ነበር፣ ማንም ቢለብሰው የማይሰፋ፣ የማይጠብም።
ከቫልፓራይሶ ወደብ፣ ከአሮጌ ልብስ ተራ፣
ኢግናስያ ገዛችው፣ በሁለት ዓሣ ዋጋ፣ ተከራክራ።
«ፊቱን አናሳይም» አለች፤ «ጀርባው ይበቃናል፤
ያላየውን ፊት ሰው ራሱ ይሥላል።»

መርማሪው ዶን ኦስማን ነው፣ ጡረታ የወጣ፣
አርባ ዓመት በሽቦ ፉርጎ ሰው ከኮረብታ ያወረደ፣ ያወጣ።
ቃሉ ሲጠፋበት ባርኔጣውን ያሽ ነበር በጣቱ፤
ከጻፍነው ንግግር ሁሉ ይበልጣል ዝምታው፣ ማመንታቱ።

ሰማዩ እንቢ ቢለን፣ የሠፈሩን እሳት አጥፊዎች ለምነን፣
በቱቦ አዘነቡልን፤ አራሱት ደረጃውን፣ መብራቱን፣ እኛን።
ሬሳዋ ያስሚና ነበረች፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣
በአንድ ሳህን ሾርባ ሦስት ሌሊት እርጥብ ድንጋይ ላይ የምትተኛ።
ሞታ ታስነጥሳለች፤
«ይቅርታ» ትላለች፤
እንደገና ትሞታለች።

ካፖርቱን በተራ ለበስነው። ሰኞ የመብራቱ ሰው፣ ማክሰኞ ሾፌሩ፣
ረቡዕ ኢግናስያ ራሷ፣ ሳጥን ላይ ቆማ፣ በባርኔጣ ተሸፍኖ ጸጉሩ።
ሐሙስ እኔ። የድምፅ መቅጃዬን አስቀመጥኩ።
ቢላው ካርቶን ነው፣ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ፤
እጄ ግን ያውቅበት ኖሯል፤ ማንም ሳያሳየው፣ ገና ሲጨብጠው ተስተካከለ።

ስንቀጣጥለው ጉዱ ወጣ፦ ገዳያችን አንዴ ግራኝ፣ አንዴ ቀኝ፣
አንዴ ዘንካታ፣ አንዴ ድንክ፤ ሳቅም፣ ኀፍረትም ያዘኝ።

በወደብ ሠራተኞች አዳራሽ፣ በአንሶላ ላይ አሳየን፤
ሰማንያ ወንበር፣ ሠላሳ ሰው። ሲያልቅ ጥቂቶች አጨበጨቡልን።
ከኋላ ረድፍ ዶኛ ኤርሲልያ ተነሣች፣ የላይኛው ኮረብታ ነዋሪ፣
ልጇ ከዓሣ ፋብሪካ ስትመለስ የቀረችባት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ያለ ቀባሪ።
«ፖሊሱ አንድ ሰው ነበር የሚፈልገው» አለች፤
ቦርሳዋን ከደረቷ አልለየች።
«ያየው በሩን ዘጋ፤ ሌላው መኪናውን አዋሰ፤
ፋይሉን የያዘው ሻዩን ጠጣ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።
እናንተ ናችሁ እውነቱን ያሳያችሁኝ፤
ያ ካፖርት በየቤቱ እየዞረ ነው የተለበሰ።»

ያቀድነው አልነበረም፤ ድህነታችን ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራት?
ዶን ኦስማን ባርኔጣውን አወለቀ፤
ቃሉ ጠፋው፤ ዛሬ ካሜራ የለም።
እኔ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ፦ ያው የሐሙስ ጫማ፣
ክሩ እንደተፈታ፣ ጫፉ ገና ያልደረቀ።