የወል ዱር

ከሽንዲ ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ አፋፍ፣
የማንም ያልሆነ የሁሉም ዱር አለ፣ ያለ አጥር ያለ ደፍ።
ማገዶ ለሚለቅም፣ ቀፎ ለሚሰቅል፣
ጊደር ለጠፋበት፣ ሥር ለሚነቅል፤
ለእኔም ነበረ፣ ደሞዙ ለዘገየ አስተማሪ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሆን የቆቅ አባራሪ።

አያ እምቢያለ ነው ያሠለጠነኝ፣ የቆጠርኩትን ፊደል አስጥሎ፣
«ቆቅ የሚያዘው ማታ ነው» ብሎ።
«ጠዋት ሥጋው ነው የሚነሣ። ፊት ማደሪያውን እይ፣
ጀምበር ስትጠልቅ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ለይ።
ከሥሩ ኩሱን ፈልግ፣ የጫረውን አፈር ዳስስ፣
ደረቅ ከሆነ ተመለስ፣ እርጥብ ከሆነ ታገስ።
ነጭ ጋቢህን ቤት ተው፣ ዱር ውስጥ ነጭ ነገር ይጮኻል፤
ጀርባህን ለወፍራም ዛፍ ስጥ፣ ዛፍ ገበና ይሸፍናል።
በመቃው አንዴ ጥራ፣ ከዚያ አፍህን ግጠም፣
ሲለፈልፍ የሚውል ቆቅ በዚህ ቆላ የለም።
ውጅግራም ለጅግራ አታውጣ፣
ስሙ ቢገጥም ሥራው አይገጥም፤ ላባ ነው የምታመጣ።
ምዝግዝግ ይበቃሃል። እግሩን በለው፣ ሩጥ፣ በነፍሱ ድረስበት፣
በስመ አብ ካልተባለ ማን ይቀምሳል ካራ ያላረፈበት?
ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዝር እንዳትል፣
ቆቁ ጾሙን ያውቃል፤ እፊትህ ነው እሚንጎማለል።»

ሁለት ጥቅምት ሞከርኩ። አንደኛውን በእንቅልፍ ጨረስኩት፣
ሁለተኛውን ጉንዳን ላይ ተቀምጬ በመቁነጥነጥ ፈጀሁት።

ሦስተኛው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጤዛ አርሶኝ እስከ ጉልበቴ፣
ከወርካ ሥር ተቀመጥኩ፣ ምዝግዝጌን አጋድሜ ከፊቴ።
አንዴ ጠራሁ።
ዝም አልኩ።
ከጥሻው ማዶ መለሰልኝ፣
ደረቴ ውስጥ የጥጃ ኮቴ ሮጠብኝ።
ደግሜ ጠራሁ (ጥፋት ነው፣ አያ ቢሰማኝ ይገርፈኝ ነበር)፣
ደግሞ መለሰ፣ ቀረብ ብሎ፣ በድምፅ በሚሻክር።
አውራ ነው አልኩ፣ ምናልባትም ያረጀ፣
የስንቱን አዳኝ ጥቅምት የፈጀ።
ስጠራ ሲመልስ፣ ስጠራ ሲመልስ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ጤዛው ረገፈ፤
እንዲህ ያለ ወግ ከሰው ጋር ካወጋሁ ስንት ወር አለፈ!

ከዚያ ቅጠሉ ተነቃነቀ፤ ቡናማ ነገር አየሁ፣
ምዝግዝጌን ባለኝ ጉልበት ወረወርኩ፤ አገኘሁ።
«ወይኔ ቅልጥሜን!» አለ ቆቁ።

ያ ተረት የሚባለው፣ ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ፣
ለካ አንድ ቀን በእውነት የሆነ ነው፣ በአንድ ሞኝ በእንዲህ ያለ ጉድባ።

አነከሰ ወጣ፤ በአንድ እጁ የመቃ ቁራጭ፣ ልክ እንደኔው፣
በሌላው የአባቱ ውጅግራ፣ አፉ ወደ እኔ የሆነው።
ጓንጉል ይባላል፣ ከማዶ ቀበሌ።
«ምላጩ ላይ ነበር ጣቴ፤ አንዴ ብትጠራ ኖሮ ሌላ፣
ሬሳህን ተሸክሜ ነበር የምወጣው ከዚህ ቆላ።»
አፌ ደረቀ። ያለኝን ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት፣
እጁም የእኔም ይንቀጠቀጣል፤ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት።

«መጣራት ማን አሳየህ?» አለ ቅልጥሙን እየዳሰሰ፣
«አያ እምቢያለ» አልኩት፤ ሳቁ ገደል ማዶ ደርሶ ተመለሰ።
«እኔንም እሱ ነው! አንዴ ጥራ፣ ከዚያ ዝም በል ብሎኝ ነበር፣
ግን ስትመልስልኝ ጊዜ... ደስ ሲል እኮ፣ እንዴት ልሠር?»

ይህን ሲል ከኋላችን፣ ከወርካው ጀርባ፣
እናት ቆቅ ወጣች ከነልጆቿ፣ ስምንት ግድም፣
በሰልፍ፣ ተማሪ ክፍል እንደሚገባ።
ውጅግራው ወርካውን ተደግፏል፣
ምዝግዝጌ ጥሻ ውስጥ ጠፍቷል።
አንዷ ቆም ብላ አየችን፣ ዳቦው ላይ ዓይኗን ጥላ፣
ከዚያ ሄደች፣ ሳትቸኩል፣ እህቶቿን ተከትላ።

ማታ ለአያ ነገርኩት። ስለ ጓንጉል አልጠየቀኝም፣ ስለ እግሩም።
«የትኛው ወርካ ሥር?» አለኝ ብቻ፣ ጠጋ ብሎ።
አልነገርኩትም።