ፓኮ

ሆኖሙ ላይ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም፤
ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንም አይደነቅም።
የሸንኮራው እርሻ ጠፍ ከሆነበት፣
ወንዙ ከድንጋይ ጋር ከሚሟገትበት፣
ከኢሉሚናዳ ጋር ወረድን በጠዋት፣
እሷ በቦቲዋ፣ እኔ በፍርሃት።

«ፓኮ እንለቅማለን» ብላ ስትጠራኝ፣
የሲጋራ ፓኮ ነበር የመሰለኝ።
ሳቀች። በእሷ ቋንቋ ፓኮ ማለት ምስማር፣
ድምፁ ትንሽ ሲዞር ቅጠል፣ የወንዝ ዳር።
እውነቷን ነው፤ አየሁ ጭቃ ላይ የቆመው
አንገተ ቆልማማ፣ መዶሻ የሳተው።

አበባ አያብብም፣ ፍሬም አይቋጥርም፤
ንብ ደጁን አትረግጥም፣ ወፍ አይዘራውም።
ያረጀው ቅጠሉ ከጀርባው ደብቆ፣
ቡናማ ትቢያውን በመስመር ጠብቆ፣
ነፋስ ሲያልፍ ድንገት እፍ ይልበታል።
ከስንቱ አንዱ ብናኝ ርጥብ ድንጋይ ያገኛል፤
ከጥፍር የምታንስ አረንጓዴ ልብ
ትሆንና እዚያው ላይ፣ ጠሉን ስትስብ፣
በአንዲት ጠብታ ባሕር አባት ይዋኛል፣
እናት ዘንድ ይደርሳል፤ ያኔ ሥር ይሰዳል።

ይህን የነገረቻት የልጅ ልጇ ኖሪን፣
ሂሎ ኮሌጅ ገብታ ስታጠና ዕፅዋትን።
«ሃምሳ ዓመት በላሁት፣ ዘሩን ሳልጠይቀው፤
እንደ አባቴ ኖሯል፣
ለሸንኮራ ቆረጣ በውሃ የመጣው።»

ሕጓ አጭር ናት፦ ያልተፈታውን ቀንጥስ፤
የተፈታው ይኑር፣ እስኪያረጅ ድረስ።
ቀጭ ካለ ለድስት ነው፣ ለመጥ ካለ ተወው፤
ከአንድ ጉቶ ሁለት፤ ሦስተኛው የወንዙ ነው።

ባለፈው የካቲት ጎርፉ ዳሩን ቆርሶ፣
ጉቶውን በሙሉ ሲወስድ ጠራርሶ፣
ኢሉሚናዳ ቤቷ ተቀምጣ ነበር፣
ቴሌቪዥን ከፍታ፣ ሳታይ፣ ሳትናገር።
በሃያኛው ቀን ግን ከደለሉ መሐል፣
ጠጉራም፣ ጥቅልል ያለ፣ የሕፃን ጣት ያህል።
«አለ» አለች።
ሌላ ምንም አልጨመረች።

ፍል ውሃ ለአፍታ አሳይታው፣
በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በደረቅ ሽሪምፕ ለወሰችው።
በላን። ቦታውንም ለማንም እንዳልናገር
አስማለችኝ፤ አፌ ገና ሳይደርቅ ነበር።

ሰኞ ባንክ ስፈርም ጣቴ ጠቁሯል፤
ጭማቂው በሳሙና መቼ ይለቃል?
ገንዘብ ከፋይዋ አየችው፣ ጎንበስ አለች፣
«ሆኢኦ!» በደሴቷ ስም ጠራችው፣
«የት ነው የለቀምከው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
«ከገበያ» አልኩ።
ሆኖሙ ያልኳችሁ እናንተም አትመኑኝ፤
ሌላ ወንዝ ሊሆን ይችላል።
በእናቴ ነው ያስማለችኝ።