አራተኛዋ ነጥብ

መብራት ሲጠፋ ጅማ ላይ ሰው ሁሉ ይራገማል፤
እኔን ግን ደስ ይለኛል፣ ጆሮዬ ይከፈታል።
የአጂፕ ወፍጮ ዝም ይላል፣ ብየዳ ቤቱ ይተኛል፣
ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ጥዝ ማለቱን ይተዋል።
ያኔ ባትሪዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ፣
በሻማ ገመዱን አያይዤ፣ ማዳመጫዬን ደፍቼ፣
ወደ መቶ ስልሳ ሜትር፣ ወደ ሞገዱ ምድር ቤት እወርዳለሁ፤
ሌላው ፎቅ ለፎቅ ይሂድ፣ እኔ ሥር ሥሩን እሄዳለሁ።

ሽቦዬ ከዋንዛው ተነሥቶ፣ በሐጂ አባ ፊጣ ጣሪያ አልፎ፣
ኑሪያ ግቢ ያልቃል፣ አቮካዶዋ ላይ ታጥፎ።
ሰማንያ ሜትር ነው፤ እሷ ልብስ ታሰጣበታለች።
«ገመድህ ጥሩ ነው፣ ግን ምን ያደርግልሃል?» ትላለች።
«እሰማበታለሁ።»
               «ማንን?»
                     «የመጣውን።»
ራሷን ነቅንቃ ትዘረጋለች አንሶላውን።

ሃያ ሁለት ዓመት ከአውሮፕላን ማረፊያው ሬዲዮ ክፍል ኖሬ፣
ላብራሪ ነፋስ ነግሬ፣ የደመና ከፍታ ቆጥሬ፣
ጡረታ ወጣሁ፣ በአንድ ሰርተፊኬትና በአንድ ጋቢ፤
ጣቴ ግን ጡረታን አለ እንቢ!
ነጥብና ሰረዝ፣ ነጥብና ሰረዝ፣ ጭኔን ይመታል፣
ለቅሶ ቤት እንኳ ስቀመጥ ለብቻው ያወራል።

ክረምት ለዚህ አይሆንም፤ መብረቅ ከጊቤ ማዶ ሲቆጣ
ጆሮዬ ውስጥ እስኪነጋ ፈንዲሻ ነው ሲንጣጣ።
ያን ጊዜ ግን ታኅሣሥ ነበር፣ ጉም ከአዌቱ ሲወጣ፣
መብራትም ከሄደ ሦስት ሌሊቱ፣ ገና ሳይመጣ።

ድንገት ሰማሁ፤ ከድንጋይ ሥር እንደሚወርድ ጠብታ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ደግሞ ዝም፤ ለትንፋሽ የማትበቃ ፋታ።
ካርታ ላይ ጥፍር የሚሸፍናት ደሴት፣ ውቅያኖስ መሀል ያለች፤
እዚያ ጀንበር ስትጠልቅ፣ እዚህ ልትወጣ ዳድታለች።
በዚያች ክር፣ በጨለማው ጠርዝ፣ ሁለት ሰው እኩል ይቆማል፣
ሩብ ሰዓት ብቻ፤ ከዚያ ብርሃን ሁሉን ይበላል።

መለስኩለት፤ ያን ሁሉ ዘመን የጸና እጄ ፈርቶ።
መጠሪያዬን ላክሁ፤ መጨረሻው አራት ነጥብ ነው፤ እሱም ሰምቶ፣
ጥቂት ቆይቶ፣
በሦስት መለሰልኝ፣ አንዷን ነጥብ ትቶ።
«አይደለም! አራት ነው! አራት!» ቁልፉን ደበደብኩት፤
ጢት ጢት ጢት ጢት። እንደገና፦ ጢት ጢት ጢት ጢት።
እሱ ግን በደስታ፣ «ወዳጄ፣ ሰማሁህ በሚገባ!»
ከጅሬን ጀርባ ሰማዩ ነጣ፤ ድምፁ ጉድጓድ ገባ።
ወዲያው ደግሞ «መብራት መጣ!» የልጆች ጩኸት፣ እልልታ፤
ፍሪጁ ነቃ፣ ወፍጮው ነቃ፣ ሰማዩ ተዘጋ ባንድ አፍታ።

አሁን እዚያ ደሴት ላይ፣ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ መስመር፣
አንድ ሰው አለ፤ ጅማ የሚኖር፣ በኔ እጅ የሚናገር፣
እኔን ያልሆነ፣ በአንዲት ነጥብ የሚያንሰኝ።
እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝ።
ሽቦ አለው ይሆን? ባትሪውንስ ከየት ያስሞላል?
ጎረቤቱስ ማን ይባላል?
ነጥቧስ? ጊቤ በረሃ ቀረች? ባሕር ላይ ዋኘች?
ኑሪያን ጠየቅኋት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
«ጠዋት አንሶላዬ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ነበረች፣
ዝንብ መስላኝ አራገፍኳት» አለች።

መምህር ሽብሩ፣ አማርኛ ሲያስተምሩን፣ ጠመኔያቸውን ሰብረው፣
«ሐሳብህ ሲያልቅ አራት ነጥብ!» ይሉ ነበር ሰሌዳውን ቆርቁረው፤
«ሦስት ብቻ ካደረግህ ግን፣ ልጄ፣ ገና የሚመጣ አለ።»
ይኸው ስንት ዓመቴ፤ ትምህርቱ አሁን ገባኝ፣ ከዋለ ካደረ።

ባትሪዬን አስሞላለሁ፣ ታኅሣሥን እጠብቃለሁ፣
«መብራት ኃይል፣ እባክህ፣ አንድ ሌሊት አጥፋልኝ» እላለሁ፤
ጣቴም በጋቢው ሥር፣ ሰው ሳያይ፣
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ…