ግልብጥ ፊደል

አባቴ ማህተም ቀራጭ ነበረ፤
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከቸርችል ጎዳና አፋፍ፣
ሁለት ደንበኛ በማያስቆም ጠባብ ደጃፍ።
ጎማውን በምላጭ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣
ፊደል ይገለብጣል መስታወት አቅርቦ።
«ገብቷል» ብሎ ሊጽፍ ከኋላው ጀምሮ፣
ቀኙ ግራ ሆኖ፣ ግራው ቀኙን ዞሮ።

በዘውዱ ዘመን የኢሚግሬሽን ማህተም
አንበሳ ነበረው፣ ዘውድ ደፍቶ ያገሣ፤
የጭራውን ጎፈር ሲቀርጽ ሦስት ቀን ምሳውን ረሳ።
ሙሴ ሃጎፕ ጎረቤታችን ነበር፣ ሰዓት ሠሪው፣
ከሞት ተርፎ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ በጅቡቲ ባቡር የመጣው።
መዝጋቢው «አገርህ?» ቢለው፣ «ጠፋብኝ» አለ በጨዋ ደንብ፤
ጸሐፊው ብዕሩን ሰቅሎ ቆየ፣ ጣራ ጣራውን እያየ ሲያስብ፣
ኋላ ባዶው መስመር ላይ «ፒያሳ» ብሎ ጻፈለት፤
አርባ ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል አገር ሆና ኖረችለት።

ከዚያ አንበሳው ተሻረ።
ለመውጫ ቪዛ ሁለት ማህተም ታዘዘ፣
«ተፈቅዷል» እና «አልተፈቀደም»።
ዋስ የሌለው አይወጣም፣ ዋሱም አይተኛም ማታ፤
ወጪው የቀረ እንደሆን፣ እሱ ነው የሚገባ በቦታ።
በስድስት ወሩ ተላላኪ መጣ፣ «አልተፈቀደም» አለቀ ብሎ፣
ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ፣ ፊደሉ ተበልቶ፣ ጎማው ዝሎ።
አባቴ አዲስ ቀረጸ። ደግሞ ቀረጸ። ደግሞ።
«ተፈቅዷል» ግን ቀለም ሳይጠግብ ኖረ፣ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ።
ሃጎፕ ቤሩት ያለች እህቱን ለማየት አምስቴ አመለከተ፤
በስድስተኛው፣ ወረፋ በሌለው በር ወጣ። ሞተ።

ዘመን ሲገለበጥ በሩ ተበረገደ፤
ፓስፖርት ፈላጊው ከጥቁር አንበሳ ጀርባ ሳይነጋ ወረደ።
የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ፣ ሃያ አምስት ተብላ፣
ለጅዳ ፎቶ ትነሳለች፣ በታላቅ እህቷ ሻሽ ተጠቅልላ።

በዘጠናው ክረምት ግን፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ አንድ ሰው ትእዛዝ ይዞ መጣ፤
አንዲት ቃል ናት፣ «አይመለስም»።
አባቴ ለማን እንደሆነ አልጠየቀም።
ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ ለተብርሃን ሻንጣ ሲዘጋ ይሰማል፤
ሠላሳ ዓመት ሽሮ የተዋዋስነው ሰው ባንድ ጀንበር ባዕድ ተብሏል።
ሌሊቱን ሙሉ ቀረጸ። ጠዋት ሲሞከር በወረቀት፣
ፊደሉ ሁሉ ዞሮ ወጣ፣ ማንም በማያነበው ጽሕፈት።
አርባ ዓመት ያልሳተ እጅ፣ መገልበጡን ረስቶ!
«አረጀሁ» አለው ለሰውዬው፣ ቀብዱን ከኪሱ አውጥቶ።
በማግሥቱ ሌላ ቀራጭ ሠራው፣ ከመርካቶ።
ይህንንም አልደብቅም።
እሷ ቁልፏን እናቴ እጅ አኑራ፣ በአውቶቡስ ሄደች።

አሁን ቪዛው በስልክ ይመጣል፣ ቀለም የሚባል አያውቅም፤
ፈቃዱ ያለፈበት ሰው መቀጮው በዶላር ነው፣ ሌሊትም ሲቆጥር አይደክም።
ከሰንዓ ቦምብ ሸሽቶ የመጣው ናጂ፣ የስደተኛ ካርድ ይዟል፤
አያቱ እዚሁ ሠፈር ስኳር ሲመዝኑ አባቴ ያውቃቸዋል፤
መዝገቡ ግን አያውቅም። መዝገብ ሁሌም ትናንት ነው የተወለደው።

ሰላም በወረደ ሰሞን የለተብርሃን ልጅ በአውሮፕላን ደረሰች፤
ቁልፉን ሰጠኋት። ጓጉንቸሩ ተቀይሮ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ሳቀች።
ዘንድሮ በሩም የለም። ሠፈሩ ፈርሶ፣
መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሣሩ ለምልሞ ደርሶ፣
እኛም ከዚያ ተነስተን፣ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን፣
«ከየት መጣችሁ?» ተባልን፣ በገዛ ከተማችን።

ትናንት የአባቴን ሣጥን አወረድኩ።
አንበሳው ተሰንጥቋል። «ተፈቅዷል» ዛሬም አዲስ ነው።
ልጄ አንዱን አንስታ፣ ቀለም ነክራ፣ በደብተሯ ላይ ተጫነችው፤
«አባዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለች፣ አዙራ፣ ገልብጣ አየችው።
«ቆይ፣ መስታወት ላምጣ!» ብላ ስትሮጥ
ጎማውን ኪሴ ከተትኩ።

እጄን ሁለቴ ታጥቤያለሁ።