አንድ ሰዓት ተኩል

ከሉብሊን አለፍ ብሎ፣ ፖላንድ፣ ወሩ የካቲት፣
በረዶ እስከ ጉልበት፣ ታንክ የቆመበት።

ከምሽቱ አንድ ተኩል፤ የዜናው ሰው መጣ፣
መለዮ ለብሶ ነው ከሣጥን የሚወጣ።
«ፀጥ ብሏል አገሩ፤ ሞልቷል ዳቦ፣ ሥጋ»
(እኛ ለሩብ ቅቤ ተሰልፈን ሲነጋ።)

አያቴ ቦጉሚዋ ከፋብሪካ ገብታ፣
የሄሊኮፕተር ብሎን ስታጠብቅ ቆይታ፣
አልጮኸችም፤ ሻርፗን እንኳ ሳትፈታ
ቴሌቪዥኑን ነቅላ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
የእህቴ ጋሪ ላይ አስተኛችው አባብላ።
«ውሸት እግር የለውም፣ ምን ያድርግ?» እያለች፣
«ነፋስ ላስቀብለው» ብላ በሩን ከፈተች።

ጎማው በደረጃው ቋ ቋ ሲል የሰማ
ዝጂስዋፍ ወረደ በነጠላ ጫማ፤
ጌኖቬፋ ከነውሻዋ፣ ቄሱ ከነጥላ፤
ጎዳናው ሞላ።
መፈክር የለ፣ ድንጋይ የለ፣
ሰው ባርኔጣ እያነሳ «ደህና አመሹ» እያለ፤
ከላይ በየሳሎኑ ዜናው ለወንበር ቀጠለ።

በሳምንቱ አዋጅ፦ «ከአንድ ሰዓት ወዲያ
ደጅ የተገኘ ይታሰር!»
እሺ አልን። ከዚያ
በአስራ አንዱ ዜና
ጋሪው ተገፋ እንደገና።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ጮኻ ያለቀሰች
እቅፌ ውስጥ ያለች እህቴ ብቻ ነበረች፣
ጋሪዋን ለውሸት ሳትወድ የለቀቀች።