ደረሰኝ

የማማ ሞዛን ክፍል ቀቡት፤ አዲሱ ተሰቀለ፣
ቀጭን እንደ ምላጭ፣ ግድግዳውን አከለ።
አሮጌው ወረደ፤ ጀርባው እንደ ጉብታ፣
ክብደቱ የወይፈን፣ አቀማመጡ የጌታ።

«ትርንጎ» አለ ጃሲም፣ ቁልፉን እያዞረ፣
«ሌሊት ገንዳው ዘንድ ተይው» ብሎኝ በረረ።

ገንዳው ዘንድ ካሜራ አለ፤ ከሥሩ ሰሌዳ፣
በቀይ የተጻፈ የቅጣቱ ዕዳ።
ገንዘቡን ጃሲም ይከፍላል፤ በካሜራው ምስል
የምታየው ግን እኔ ነኝ፣ በሌሊት ዕቃ ስጥል።

ደግሞስ እንዴት ልጣለው?
ሁለት ጊዜ ነው አፌን የፈታሁት፦
አንዴ እናቴ ጓዳ፣ አንዴ ከዚህ ሣጥን።
ማማ ሞዛ እግሯን ዘርግታ፣ እኔ እግሯን እያሸሁ፣
የግብፅ ድራማ ስናይ፣ ሲያለቅሱ እያለቀስን፣
«ምን አለች?» እላለሁ።
«ከዳኝ አለች» ትለኛለች።
ዐረብኛ እንዲያ ነው የገባኝ፤ «ከዳኝ»ን አስቀድሜ፣
«ዳቦ»ን ከዚያ በኋላ።

ሺራጅ መጣ በሳይክል፣ ከኋላው ጋሪ ጎትቶ፣
ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ አጥር አሻግሮ አይቶ፣
«ሃያ ድርሃም» አለኝ። ሃያ ድርሃም ማለት
የሁለት ሳምንት ካርድ ነው፣ ከልጄ ጋር ለማውራት።
«ምን ታደርገዋለህ?»
«በመዶሻ መትቼ
መዳቡን እወስዳለሁ፣ ሌላውን አሸዋ ላይ ትቼ።»
እጁን አየሁት፤ ጣቱ የመስታወት ጠባሳ፣
ሲስል ደረቱ ይንኳኳል፣ ጠጠር እንዳለው ጣሳ።

በሆዱ እርሳስ አለ፣ የሚመርዝ ዱቄት አለ፤
ይህንንም የነገረኝ እሱው ራሱ ነው፣
አንድ ቀን፣ በምሳ ዜና መሀል።
ማን አለ እንደ እሱ፣ የገዛ መርዙን የሚናዘዝ?
«አልሸጥም» አልኩት። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠሁት።
ጠጣ። «ሌላ ሰው ይሸጥልኛል» አለ፣ ሳይቆጣ፤
እውነቱን ነው።

ባላዲያ ደወልኩ።
አንድን ተጫኚ፣ ተጫንኩ። ሦስትን ተጫኚ፣ ተጫንኩ።
ድስት ሩዝ እስኪበስል ሙዚቃ አሰሙኝ።
ከዚያ የሴት ድምፅ፦ «የትኛው ሰፈር? ስንት ኢንች?
መስታወቱ ተሰብሯል?»
በዚያው በድራማው ዐረብኛ፣ በተከዳች ሴት አንደበት፣
«እህቴ ሆይ፣ ፊቱ ደህና ነው፤ የደከመው ልቡ ነው» አልኳት።
ሳቀች። ሻርጃ ውስጥ፣ በዐሥራ አንድ ዓመት፣
መሥሪያ ቤት ያሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።
«ማክሰኞ» አለች፤ በአገሬ ሰዓት ስመነዝረው
ከሦስት እስከ አምስት።

ሰኞ ማታ ገመዱን ጠቀለልኩ፣ ጀርባውን ጠረግሁ።
ከሥሩ ያገኘሁት፦ ሁለት የተምር ፍሬ፣
ደግሞ የማማ ሞዛ የሻሽ መርፌ ቁልፍ።
ፍሬዎቹን ጣልኩ።
የመቀየሪያው አምስት ቁጥር በአውራ ጣቷ ተልጦ
ባዶ ሆኗል፤ እሱንም ከጎኑ በፕላስተር አሰርኩለት፣
ሞቶም ቢሆን እንዳይለያይ።

ማክሰኞ ሁለት ሰዎች መጡ፣ ጓንት ያጠለቁ፣
እንደ ታማሚ ደግፈው፣ ደረጃ ደረጃውን ጠበቁ፤
ብርድ ልብስ አንጥፈው መኪናው ላይ አስተኙት።
አንዱ ወረቀት አወጣ፦
ዕቃ፣ ቴሌቪዥን። ብዛት፣ አንድ። ሁኔታ፣ ሙሉ።
«የአስረካቢ ስም?»
ጃሲም ልል አፌ ተከፈተ።
«ትርንጎ» አልኩ። «ትርንጎ እጅጉ።»
መጀመሪያ ተሳሳተ፤ አስደለዝኩት፤ እንደገና አስጻፍኩት፤
ማኅተሙን መታ። ሄዱ።

ፓስፖርቴ ጃሲም መሳቢያ ነው፣ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ፤
መታወቂያዬም ላይ ስሜ ተጣሟል፣ የሌላ ሴት ሆኖ ኖሮ።
አሁን ግን ሻንጣዬ ውስጥ፣ ፓስፖርት በሚያድርበት ኪስ፣
በማማ ሞዛ መርፌ የተያዘ
አንድ ወረቀት አለ፦
ትርንጎ እጅጉ፣
አንዳች ሳትሰብር፣
በጠራራ ፀሐይ
አስረክባለች።